የመተማ መንገድ፦ ቤተሰብ ይዞ ድንበር መሻገር

እስቲ ካርታ እናውጣ። ከባሕር ዳር መናኸሪያ ተነስቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር የሚከተለው መንገድ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝንና ማክሰኚትን አልፎ አዘዞ ይደርሳል። ቀጥ ያለ ጎንደር ይገባል። ወደ ግራ የታጠፈ ደግሞ በጭልጋ በኩል ደጋውን እየለቀቀ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሸህዲን (ገንዳ ውኃ የምንላትን) አቋርጦ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። እዚያ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። ከድልድይዋ ማዶ ጋላባት ነው፤ ሱዳን። ከጋላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ደግሞ ከ400 በላይ ነው። ሲደመር ከጣና ዳር እስከ ካርቱም ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አባይም መድረሻው እዚያው ካርቱም ነው፤ እሱ ግን በጎጃም ዞሮ ነው የሚሄደው።

ይህንን መንገድ ትምህርት ቤት የተማርነው በንጉሥና በጦር ነው። መተማ ሲባል አፄ ዮሐንስ፣ አፄ ዮሐንስ ሲባል ደርቡሽ፣ ደርቡሽ ሲባል ፈተና ላይ የሚመጣ ዓመተ ምሕረት። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ ከወታደር ይልቅ እናት፣ ከጄኔራል ይልቅ ህፃን ሳይበዛ አይቀርም። የነሱን ታሪክ ማን ነገረን? ማን ማንን ይዞ ሄደ? ማንስ መንገድ ላይ ቀረ? ዛሬ የያዝነው ጥያቄ ይህ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ ከፈረንጅ መጽሐፍ ጋር ስታስተያዩ እንዳትደነግጡ።)

ታንኳ፣ በቅሎ፣ ግመል

አውቶቡስ ሳይመጣ በፊት ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ውኃ ላይ ነበር። የዘጌ ቡና በደንገል ታንኳ ተጭኖ ጣናን ይሻገራል። ከጎጃም የመጣው የባሶ ገበያ ዕቃ በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ቆራጣን፣ ደሪጣንና ይፋግን ይነካል። ከዚያ ጎንደር ነው። በጎንደር እስላም ቤት (አዲስ ዓለም) የሚኖሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው የምዕራቡን ንግድ አብዛኛውን የያዙት። ቆላው ሲጀምር ጭነቱ ከበቅሎና ከአህያ ወርዶ ግመል ላይ ይወጣል፤ ቡናው፣ ሰሙ፣ ወርቁ፣ ዝባዱ ወደ ስናር ይጓዛል። የስናር መንግሥት በዘመኑ የጎንደር ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴ ወዳጅ፣ አንዳንዴ ጠላት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙም ወባውም መንገዱን ይዘጉታል። ያኔ ድንበር የሚዘጋው ዝናብ ነበር ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ኢያሱ አንደኛን ሊያክም ከካይሮ ተነስቶ በስናር በኩል ጎንደር የገባው በሐምሌ 1691 ነው፤ ክረምት መሃል። አብሮት የመጣው የኢየሱሳውያን ካህን ብሬቭዳን ጎንደር ሊገባ ግማሽ ቀን ሲቀረው በተቅማጥ ሞተ። ከ70 ዓመታት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በተቃራኒው ሄደበት። በታኅሣሥ 1764 ከጎንደር ተነሳ፣ ስናር የደረሰው በሚያዝያ፣ ካይሮ የገባው በ1765 ጥር ነው። ከዓመት በላይ! ዛሬ በደህናው ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጀውን የመንገዱን ክፍል ብቻ ብንወስድ እንኳ ብሩስን አራት ወር ፈጅቶበታል።

ጦርም ነበረ። በ1736 ዳግማዊ ኢያሱ ስናርን ሊወጋ ዘምቶ በብርቱ ተሸነፈ። በዚያ ሽንፈት ቤተ መንግሥቱ እጅግ የሚያከብረው የኩርዓተ ርእሱ ሥዕል ተማርኮ በኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። ያው ሥዕል በ1860 መቅደላ ላይ በእንግሊዞች እጅ ገብቶ አገር ለቆ ወጣ። ሥዕል ተዋጅቶ መመለሱን ታሪክ መዝግቦልናል። ከሥዕሉ ጋር የተማረኩትን ሰዎች ማን ተዋጃቸው? እዚህ ላይ ታሪኩ ዝም ይላል።

ትኬት ያልቆረጡ ተሳፋሪዎች

እዚህ ላይ ማለፍ የማንችለው ነገር አለ። የቡናና የሰም መንገድ ብለን ስናሞካሽ የምንውለው መንገድ የባሪያ ንግድ መንገድም ነበር። ከጊቤ ማዶና ከምዕራብ ቆላ፣ ከጉሙዝ ምድር ጭምር የተያዙ ሰዎች በባሶ፣ በይፋግ፣ በጎንደር እያለፉ መተማ ይሸጡ ነበር። ብዙዎቹ ልጆችና ወጣት ሴቶች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ጋላባት ደርሶ ለገበያ የቀረቡ ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶችን አይቶ ጽፏል። ዘጌም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ዛሬ ቱሪስት የምንወስድባት፣ ገዳማቷን የምናስጎበኝባት፣ ቡናዋን የምናሞግሳት ዘጌ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቡናዋን በባሪያ ጉልበት የሚያለሙ ባለመሬቶች ነበሯት።

ይህንን የምናነሳው ማንንም ለማሸማቀቅ አይደለም። «ቤተሰብ ይዞ ድንበር መሻገር» ብለን ታሪክ ከጀመርን የመጀመሪያዎቹ ብዙ ተሻጋሪዎች ከቤተሰባቸው ተነጥቀው የተሻገሩ ልጆች መሆናቸውን መዝለል ውሸት ስለሚሆንብን ነው። ባርነትን የሚያስቀር አዋጅ በ1916 ወጣ፤ ጨርሶ የሚያጠፋው ደግሞ በ1934። የ1934ቱ አዋጅ ሲወጣ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ያን ያህል ቅርብ ነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ቀን

መተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የሁለት ጌታ ከተማ ነበረች። ነዋሪዎቿ በብዛት ተክሩር የሚባሉት፣ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲጓዙ መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎች ዘር ናቸው። ልብ በሉ፣ ከተማዋን ያቀናት ራሱ መንገደኛ ቤተሰብ ነው! ለኢትዮጵያም ለግብፅም እየገበሩ፣ ከሁለቱም እየነገዱ ይኖሩ ነበር። ደጃዝማች ክንፉ በ1829 በዚያ አካባቢ ግብፆችን አሸነፉ፤ በ1840 ግን የቋራው ካሳ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ደባርቂ ላይ ተሸነፉ።

ከዚያ መሐዲስቶቹ መጡ፤ እኛ ደርቡሽ የምንላቸው። በጥር 1880 አቡ አንጃ የሚባለው አዛዥ ሠራዊቱን ይዞ ደምቢያ ገባ። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ወደ ሱዳን ሲመለስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና ህፃናት ተማርከው አብረው ተነዱ። ከጣና ሰሜናዊ ዳር እስከ ኦምዱርማን፣ በእግር። በቀጣዩ ዓመት፣ በመጋቢት 1881፣ አፄ ዮሐንስ ሊበቀሉ መተማ ዘመቱ። ጦራቸው የጠላትን አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። በአጥሩ ውስጥ የደርቡሽ ወታደሮች ሚስቶችና ልጆችም ነበሩ። ንጉሡ ቆሰሉ፣ ሞቱ፣ ጦሩም ተፈታ። ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ሄደ። ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተባለች።

ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት። በ1880 ከእኛ በኩል ቤተሰብ ተነዳ፤ በ1881 ከነሱ በኩል ቤተሰብ አጥር ውስጥ ሆኖ ጦርነቱ ደረሰበት። ሐውልት የሚቆመው ለንጉሥ ነው፤ ለቅሶው ግን የሁለቱም ሰፈር ነበር።

ከዚያ ወረቀት መጣ። በግንቦት 1894 አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ተፈራረሙ። በመስመሩ ምክንያት አንዷ የገበያ ከተማ ሁለት ሆነች፤ ከጅረቱ ወዲህ መተማ፣ ከጅረቱ ወዲያ ጋላባት። በጋ ላይ የሚደርቅ ጅረት ዓለም አቀፍ ድንበር ሆነ። ትናንት ጎረቤት የነበረ ሰው ዛሬ የውጭ አገር ሰው ተባለ። እውነቱን ለመናገር ግን የገበያ ቀን ሲሆን ሰውየውም ከብቱም መስመሩን ብዙም አልቆጠሩትም።

ሌሊት የሄዱት

በጣሊያን ዘመን ሱዳን ለብዙ አርበኞችና ስደተኞች መጠጊያ ሆነች። በጥቅምት 1933 እንግሊዞች ጋላባትን ለማስለቀቅ ተዋጉ፤ በጥር 12 ቀን 1933 ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ገቡ። የንጉሡን መመለስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ያልተነገረለት ደርግ ከመጣ በኋላ የሆነው ነው።

በ1969 ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ያዘ፣ ደርግ መልሶ አስለቀቀ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ጎንደርና አካባቢዋ ላይ የወረደው መከራ ወጣቱን ወደ ቆላ ነዳው። በ1977 ደግሞ ድርቁ። ሱዳን ውስጥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች ቁጥር በመቶ ሺዎች ሆነ። ገዳሪፍ፣ ተዋዋ፣ ኡም ራኩባ የሚሉት ስሞች በየቤቱ ገቡ። በዚያ ዘመን አውቶቡስ የለም። ቀን ተደብቆ ሌሊት መሄድ ነው። ህፃን እንዳያለቅስ አፉ ይታፈናል። ሽማግሌ ደከመኝ ሲል ቤተሰቡ ጠብቆት ይያዝ ወይስ ትቶት ይሂድ ብሎ ይመክራል። እንዲህ ዓይነት ምክር ያየ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ስለዚያ ሌሊት አያወራም። ለምን እንደማያወሩ የገባን አሁን ነው።

ከሁሉ በላይ የተመዘገበው የቤተ እስራኤል ጉዞ ነው። ከደምቢያ፣ ከወገራና ከሌላውም የጎንደር ገጠር እየተነሱ ሙሉ መንደሮች፣ ከአያት እስከ ጡት ልጅ፣ ለሳምንታት በእግራቸው ሱዳን ገቡ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ነገሩ ዓለም ሲሰማው በረራው ተቋረጠ። አባት ሄዶ እናት፣ ልጅ ሄዶ ወላጅ የቀረባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የተገናኙት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ ነው። በመንገድና በጣቢያዎቹ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እኛ ጋ፣ መንገዱ በሚጀምርበት በኩል፣ ምን አቆምንላቸው?

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከ1985 ጀምሮ፣ ከሱዳን የመመለሱ ሥራ ተጀመረ። በየካቲት 1992 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ከደርግ ሸሽተው ለወጡት የስደተኝነት መብታቸው አበቃ አለ። አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ቀረ። ገዳሪፍ የተወለደ ልጅ ወደ የትኛው አገሩ ይመለሳል?

አሁን አውቶቡሱ

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው ይህንን መንገድ በመቀመጫ ቁጥር የተጓዘው። አዘዞ መተማ አስፋልት ሆነ። ገዳሪፍና ካርቱም ውስጥ ዘመድ የሌለው የባሕር ዳርና የጎንደር ሰፈር ማግኘት ከበደ። ካርቱም ዴምና ጅሬፍ ብትሉ የሐበሻ ሰፈር ነው፤ እንጀራም ቡናም አለ። (ጀበና የሚለውን ቃል ሱዳኖችም ይሉታል። ከማን ማን እንደወሰደ እንዳንከራከር፤ ቡናው ይቀዘቅዛል።)

ቤተሰብ ይዞ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ መድረስ፣ ዕቃ ጫኝ ጋር መጨቃጨቅ፣ ድፎ ዳቦና ዳቦ ቆሎ በፌስታል፣ ለሚያስመልሰው ልጅ ሌላ ባዶ ፌስታል፣ ለሚያቅለሸልሸው ሎሚ። እቅፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ አይከፍልም፤ ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ «ገና አምስት አልሞላውም» ይባላል፣ ረዳቱም እያወቀ ያልፈዋል። ከባሕር ዳር እስከ ጭልጋ መስኮት አይከፈትም፤ ንፋስ ይመታላ! ቆላ ሲገባ ግን ያው «ዝጉ! ዝጉ!» ሲሉ የነበሩት እናት ናቸው ለመክፈት የመጀመሪያዋ። ከመስኮቱ ውጭ ሰሊጥና ጥጥ፣ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረደ ሳሉግ፣ ወባና ካላዛር የሚፈራ ቆላ።

መተማ ላይ አውቶቡሱ ያበቃል። ፓስፖርት ያለው በኢሚግሬሽን፣ ቢጫ ካርዱን ይዞ። የሌለው በደላላ፣ በጫካ። ሁለቱም አንዷን ጅረት ነው የሚሻገሩት፤ አንዱ በቀን አንዱ በሌሊት። ድልድዩን በእግር ነው የምታልፉት፤ እናት አንዱን አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ አባት ሻንጣውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። ከማዶ ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ቋንቋ። አራት ወር ይፈጅ የነበረው መንገድ ሁለት ሦስት ቀን ሆነ። በዚያው ልክ ግን የደላላው መረብም ፈጠነ። በዚህ በር ስንት ወጣት ሴት ለቤት ሠራተኝነት፣ ስንት ልጅ ወደ ሊቢያ በረሃ እንደወጣ ሁላችንም ከየሰፈራችን ስም መጥራት እንችላለን። ስም አንጠራም፤ እናቶቻቸው አሉ።

መንገዱ ዞረ

በ2013 የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ሱዳን ከዓመታት በፊት የኛን ስደተኞች የያዘውን ኡም ራኩባን እንደገና ከፈተች። ያው ስም፣ ያው ሜዳ፣ የሌላ ትውልድ ህፃናት። ይህንን ያነበበ ሰው ታሪክ አይደገምም ማለቱን መተው አለበት።

ከዚያ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። በቀናት ውስጥ መተማ ድልድይ ላይ የሚመጣው ሰው ከወዲያ ሆነ። ሱዳናውያን ቤተሰቦች፣ ሱዳን ስደተኛ የነበሩ ኤርትራውያንና ደቡብ ሱዳናውያን፣ ዴምና ጅሬፍ ሃያ ዓመት የኖሩ የእኛው ሰዎች፣ የብዙ አገር ዜጎች። ሐኪም፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባለ ሱቅ፤ ከካርቱም በመቀመጫ ቁጥር የተነሱ፣ ድልድዩን በእግራቸው ያለፉ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የሚባሉ ጣቢያዎች ተከፈቱላቸው።

በዚያው ዓመት ክረምት ግን አማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። መንገዱ ላይ እገታና ዝርፊያ በዛ። ተሰዳጁም አልተረፈም። በሚያዝያ 2016 ወደ 1,000 የሚጠጉ ስደተኞች ደኅንነት የለንም ብለው ጣቢያውን ለቀው መንገድ ዳር ሰፈሩ፤ ህፃናት ይዘው። በቀጣዩ ወር ባሕር ዳር ላይ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለውን ድልድይ የሚተካው አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመረቀ፤ እኛም ፎቶ ተነሳንበት። ያው መንገድ ነው፤ በአንድ ጫፉ ላይ እኛ ፎቶ እየተነሳን፣ በሌላው ጫፍ ላይ ሰው አስፋልት ዳር እያደረ።

ይህንን የምንለው «እኛም በችግር ላይ ነን፣ ለሰው የሚተርፍ ምን አለን?» የሚለው ክርክር ሳይገባን ቀርቶ አይደለም። ይገባናል። ጎንደርና ጎጃም ውስጥ ራሱ አገሬው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ የፈራበት ጊዜ ነው። ግን እስቲ ሒሳቡን እንየው። በ1969 የሸሸውን ልጅ ማን ውኃ ሰጠው? በ1977 የመጣውን ረኃብተኛ ማን አስተናገደ? የገዳሪፍ ገበሬ ሀብታም ስለነበር ነው? እሱም ያኔ ድርቅ ነበረበት። ለዚህ ነገር አማርኛ አንድ አጭር ቃል አለው፤ ነግ በኔ። በዚህ መንገድ ላይ «ነግ» የምትለው ቀን በአርባ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥታለች፤ ሁለቴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ።

ንጉሥ የሞተበትን ቀን ማወቅ ጥሩ ነው። ከተማ በስሙ መጠራቱም ይገባዋል። ግን በዚያ ድልድይ ላይ ያለፈው ሕዝብ በብዛት ስም የሌለው ሕዝብ ነው፤ በ1880 የተነዳችው ሴት፣ ባሶ የተሸጠችው ልጅ፣ ሌሊት አፉ የታፈነው ህፃን፣ በ2015 ሻንጣዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ የመጣችው የካርቱም እናት። የነሱን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ እስኪጽፈው አንጠብቅ፤ ያዩት ሰዎች እያረጁ ነው። ቤታችሁ ውስጥ፣ ጎረቤታችሁ ውስጥ በመተማ የሄደ ወይም በመተማ የመጣ ሰው አይጠፋም። ቡና ሲፈላ ጠይቁት። ስንት ቀን ፈጀብህ ብላችሁ አትጀምሩ። ማንን ይዘህ ሄድክ፣ ማንን ትተህ ሄድክ፣ ማን ተቀበለህ ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰ አትጫኑት። ከመለሰ ግን ጻፉት።